ችፌ ላለበት ሕፃን የልብስ ሳሙናና ልብስ አመራረጥ፦ ምን ከምን ይሻላል?

የሕፃኑ ቆዳ ቀልቶና ሻክሮ ሐኪሙ «ችፌ ነው» ባለ ማግስት አብዛኛው ወላጅ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የልብስ ሳሙናውን ነው። ሳሙናው ይቀየራል። ያ ካልሠራ ሌላ ይገዛል። ቀጥሎ ልብሱ ሁሉ «መቶ በመቶ ጥጥ» በሚል ይተካል። ገንዘቡ ወጥቶ ቆዳው ግን እንደነበረ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በመደርደሪያ ላይ ከምናያቸው ልዩነቶች አብዛኞቹ ለቆዳው ምንም አይለውጡም፤ የሚለውጡት ጥቂቶቹ ደግሞ በማሸጊያው ፊት በትልቁ አይጻፉም።

ከዚህ በታች አማራጮቹን እያነጻጸርሁ አልፋለሁ። መለኪያዬ አንድ ነው፦ ልብሱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጨርቁ ላይ ምን ይቀራል? የሕፃኑን ቆዳ ቀን ከሌት የሚነካው ያ የቀረው ነገር ነው።

በእርግጥ ጥፋቱ የልብሱ ነው?

ችፌ ወይም ኤክዜማ፣ በሕክምና ስሙ አቶፒክ ደርማታይተስ፣ ከሳሙና የሚመጣ በሽታ አይደለም። በብዙ አገሮች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑ ልጆች ይይዛቸዋል። ከሥሩ ያለው ችግር ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ የቆዳ መከላከያ ድክመት ነው። ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አጥብቀው ከሚይዙት አንዱ ሲሆን፣ እሱ ሲጓደል ቆዳው የራሱን ውኃ መያዝ ያቅተዋል፤ ከውጭ የሚመጣውንም መከልከል ያቅተዋል። ሳሙናና ልብስ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው፤ በሽታውን አይፈጥሩትም፣ ያባብሱታል እንጂ። ስለዚህ በጀቱ ጠባብ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቆዳ ማለስለሻ ቅባቱና ሐኪሙ ላዘዘው መድኃኒት ነው። ውድ ሳሙና ገዝቶ ቅባቱን መቆጠብ ነገሩን ከጭራው መጀመር ነው።

ሽፍታው የወጣበትን ቦታ ማየት ብዙ ይናገራል። በሕፃናት ላይ ችፌ በብዛት የሚወጣው በጉንጭ፣ በግንባር፣ በራስ ቅል፣ በክንድና በእግር የውጭ ገጽ ላይ ነው። በዳይፐር የሚሸፈነው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ርጥበት አለው፣ የሕፃኑ ጣትም አይደርስበትም። ሽፍታው ወገብ ላይ ላስቲኩ የሚያርፍበትን መስመር፣ የአንገትጌውን ወይም የብብቱን ጠርዝ ተከትሎ ከወጣ ግን ልብሱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ፊት ላይ ብቻ ሲሆንስ? ያኔ የሕፃኑ ልብስ እምብዛም አይጠረጠርም፤ ጉንጩ ግን የሚያርፈው በማን ልብስ ላይ ነው? በእናቱ ትከሻ፣ በአባቱ ደረት፣ በአያቱ ሹራብ፣ በአልጋው አንሶላ ላይ ነው። የሕፃኑን ልብስ ለይቶ ሽታ በሌለው ሳሙና እያጠቡ የራስን ሸሚዝ በሽቶ ማለስለሻ መንከር በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ከሁለት አማራጮች፣ ለሕፃኑ ብቻ የተለየ ውድ ሳሙና ከመግዛት ይልቅ ለቤቱ ሁሉ ሽታ የሌለው ተራ ሳሙና መግዛት የተሻለ ነው እላለሁ። ድካሙም ይቀንሳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ችፌ በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ በራሱ ጊዜም ጋብ ይላል። ወላጅ አዲስ ነገር የሚገዛው ደግሞ ሲብስ ነው። ስለዚህ በዚያን ሰሞን የተገዛው ማንኛውም ነገር የመሻሉን ምስጋና ይወስዳል። ከዚህ ለማምለጥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት፣ በየጥቂት ቀኑ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ሳሙናውን፣ ልብሱንና ቅባቱን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

ሽታ ያለው ወይስ የሌለው?

ከዚህ ሁሉ ንጽጽር አንድ ብቻ መያዝ ካለብዎ ይህንን ይያዙ። የሽቶ ቅመሞች በቆዳ ንክኪ አለርጂ ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል ከፊተኞቹ ተርታ ናቸው፤ ለልብስ ንጽሕናም አንዳች አይጨምሩም። እንዲያውም የሚጨመሩት ከታጠበ በኋላ ጨርቁ ላይ እንዲቀሩ ታስበው ነው። ልብሱ ከሳምንት በኋላም ሲሸት ጥሩ ታጠበ ይባላል፤ በእኔ መለኪያ ግን ይህ ገና አልወጣም ማለት ነው።

«ሽታው ተፈጥሯዊ ነው፣ የላቬንደር ዘይት ነው» የሚለው መልስ አያጽናናም። ሊናሎል የሚባለው ቅመም በላቬንደር ውስጥ፣ ሊሞኒን የሚባለው ደግሞ በብርቱካንና በሎሚ ልጣጭ ዘይት ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛሉ። ሁለቱም አየር ሲያገኛቸው ወደ ጠንካራ አለርጂ አስነሺዎች ይለወጣሉ። ተክል ላይ መብቀላቸው ከዚህ አያድናቸውም።

በማሸጊያው ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ቃላት አሉ። «ሽቶ ያልተጨመረበት» ማለት የሽቶ ቅመም የለበትም ማለት ነው። «ሽታ አልባ» የሚለው ግን አንዳንድ ጊዜ የሌሎቹን ቅመሞች ጠረን የሚሸፍን ሌላ ሽቶ ተጨምሮበታል ማለት ሊሆን ይችላል። አፍንጫ አይለየውም፤ የሚለየው ጀርባው ላይ ያለው የቅመም ዝርዝር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሳሙና ደንብ አምራቾች የታወቁ አለርጂ አስነሺ ሽቶዎችን ከ0.01 በመቶ በላይ ከሆኑ በስማቸው እንዲጽፉ፣ የመጠበቂያ ኬሚካሎችን ደግሞ በማንኛውም መጠን ቢሆኑ እንዲጽፉ ያስገድዳል። በዝርዝሩ ውስጥ ሊሞኒን፣ ሊናሎል፣ ጄራኒዮል፣ ሲትሮኔሎል የሚሉትን ካዩ ሽቶ አለበት ማለት ነው፤ ፊቱ ላይ የሕፃን ሥዕል ቢኖርም እንኳ። «ለሕፃናት» ከሚባሉት ሳሙናዎች ሽቶ ያለባቸው ብዙ ናቸው። የሕፃን ጠረን ተብሎ የሚሸጠው ነገር የሚጣፍጠው ለገዢው ነው።

ዱቄት፣ ፈሳሽ፣ ደረቅ ሳሙና

እዚህ ላይ አንዱ ሁሉንም የሚበልጥበት ነገር የለም፤ እያንዳንዱ የሚያስቀረው የተለየ ነገር ነው።

ፈሳሽ ሳሙና በቀዝቃዛ ውኃም ይሟሟል፣ ቶሎ ይለቀቃል፣ ከዱቄቱም ያነሰ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። ነገር ግን ውኃ ስላለበት እንዳይበላሽ መጠበቂያ ይጨመርበታል። ከእነዚህ አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር «የዓመቱ አለርጂ አስነሺ» ብሎ ሰይሞታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ታጥበው በማይወጡ የቆዳ ቅባቶች ውስጥ እንዳይገባ በ2017 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል። በልብስ ሳሙና ውስጥ ግን አሁንም ይገኛል። በደንብ በተለቀለቀ ልብስ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ የሚበልጠው ስጋት ሳሙናውን በእጁ ለሚነካው ሰው ነው። ቢሆንም ሁለት ፈሳሽ ሳሙናዎች በሌላው ነገር እኩል ከሆኑ ይህ ስም የሌለበትን ይምረጡ።

ዱቄት ሳሙና ደረቅ ስለሆነ እንዲህ ያለ መጠበቂያ አያስፈልገውም። ጉድለቱ በቀዝቃዛ ውኃና በተጨናነቀ ማሽን ውስጥ ሳይሟሟ መቅረቱ ነው፤ በስፌት ውስጥና በኪስ ጥግ ነጭ ብናኝ ካዩ ያ ነው። ዱቄት የሚመርጥ ሰው ሞቅ ባለ ውኃ አስቀድሞ ያሟሟው። ሞቅ ያለ ውኃ የማይመቸው ሰው ፈሳሹን ይያዝ።

ደረቅ ሳሙናን በተመለከተ «የድሮው ንጹሕ ሳሙና ይሻላል» የሚል ምክር በብዙ ቤት አለ። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ከዘይትና ከአልካላይ የተሠራ እውነተኛ ሳሙና ቅመሙ ጥቂት ነው፤ ሽቶ ከሌለበት ያ ጥቅም ነው። ነገር ግን ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ከባድ ውኃ ሲያገኘው የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩም በጨርቁ ክሮች መካከል ተቀምጦ ልብሱን ያደርቀዋል፣ ያሻክረዋል። በዚያ ላይ የሳሙና ውኃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ ጤናማ ቆዳ ደግሞ 5 አካባቢ፣ ማለትም ትንሽ ኮምጣጣ ነው። ውኃዎ ቀላል ከሆነና በእጅ ብዙ ጊዜ የሚያለቀልቁ ከሆነ ደረቅ ሳሙና ይሠራል። ውኃዎ አረፋ አልሠራ የሚል ከሆነ ሽቶ ያልተጨመረበት ዘመናዊ ሳሙና ይበልጠዋል።

የውኃው ነገር ከተነሣ፣ ከባድ ውኃን ቀላል የሚያደርግ የውኃ ማለስለሻ መሣሪያ ቤት ውስጥ ማስገባት ችፌን ያሻሽላል ወይ የሚለው በብሪታንያ በ336 ልጆች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መሣሪያው ከተለመደው ሕክምና በላይ ያመጣው ጥቅም አልታየም። ለዚህ ሲባል መሣሪያውን መግዛት አያስፈልግም።

በማሽን ውስጥ የሚጣሉት ትናንሽ የሳሙና ከረጢቶች ለቆዳው ከፈሳሹ የተለዩ አይደሉም። በአንድ ነገር ግን ይከፋሉ፦ ከረሜላ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው በጣም የተጠናከረ ስለሆነ አፍ ውስጥ ሲፈነዱ ወይም ዓይን ውስጥ ሲገቡ ትልቅ ጉዳት ያደርሳሉ። መዳህ የጀመረ ልጅ ባለበት ቤት እኔ አልመርጣቸውም። መጠናቸውም አይቀነስም፤ ለጥቂት የሕፃን ልብስ አንድ ሙሉ ከረጢት ይበዛል።

ኢንዛይም፦ የተሳሳተው ተጠርጣሪ

ብሪታንያ ውስጥ ሳሙና «ባዮ» እና «ኖን-ባዮ» ተብሎ ይሸጣል፤ የመጀመሪያው ኢንዛይም፣ ማለትም እድፍን የሚሰባብር ፕሮቲን ያለበት፣ ሁለተኛው የሌለበት ነው። ለሕፃን ሁለተኛው ይሻላል የሚለው እምነት እዚያ እንደ እውነት የተያዘ ነው። ጥርጣሬው መነሻ የለውም አልልም፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳሙና ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች የኢንዛይሙን ብናኝ ሲተነፍሱ አስም ይዟቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙ እንዳይበን በእንክብል መልክ እንዲሠራ ተደረገ። በቆዳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን፣ ችፌ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉትን ጨምሮ፣ ኢንዛይም ባለው ሳሙና ታጥቦ የተለቀለቀ ልብስ ከሌላው ይብሳል የሚለውን አላረጋገጡም።

ኢንዛይሙ ጥቅምም አለው። የወተት፣ የትውኪያና የሰገራ እድፍ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲለቅ ያደርጋል፤ ያለ እሱ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ብዙ ሳሙና ወይም ብዙ ፍተጋ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሽቶ የሌለበትን ኢንዛይም ያለው ሳሙና ካገኙ፣ ሽቶ ካለበት ኢንዛይም አልባ ሳሙና አስቀድመው ይውሰዱት። ሱፍና ሐር ለማጠብ ብቻ ኢንዛይም አልባውን ይያዙ፤ ፕሮቲን የሚፈጨው ኢንዛይም የእነሱን ክር ስለሚበላ ነው።

ማለስለሻ፣ በረኪና፣ ኮምጣጤ

የልብስ ማለስለሻን መተው። ይህን ያህል ቁርጥ አድርጌ የምናገረው ነገር በዚህ መመሪያ ውስጥ ብዙ የለም። ማለስለሻ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ የሚገባውና የማይታጠበው ጨርቁን ለብጦ እንዲቀር ስለተሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሽቶው የበዛ ነው። ፎጣና የጥጥ ልብስ ላብ የመምጠጥ ችሎታቸውን ይቀንሳል። እሳት እንዲቋቋም የተሠራ የልጅ የሌሊት ልብስንም መከላከያውን ሊያሳጣው ስለሚችል በእንዲህ ያሉ ልብሶች ላይ አይመከርም። በማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚገቡት ባለ ሽቶ ወረቀቶችም ያው ናቸው። ለስላሳ ልብስ ቆዳውን ብዙ አይፈትግም የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ ልስላሴው ግን በሌላ መንገድ ይገኛል። ሳሙናን ቀንሶ ማለቅለቅን መጨመር፣ ከማስጣት በፊትና ከደረቀ በኋላ ልብሱን ማራገፍና ማሸት ይበቃል።

በረኪና ለነጭ ልብስ አልፎ አልፎ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ካልተለቀለቀ ግን ቆዳውን ያቃጥላል። ኦክስጅን የሚለቀው የእድፍ ማንጫ ዱቄት የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከሠራ በኋላ ወደ ሶዳ፣ ውኃና ኦክስጅን ይፈርሳልና። ሐኪም አንዳንድ ጊዜ ለከባድ ችፌ የሚያዝዘው እጅግ የቀጠነ የበረኪና መታጠቢያ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ በራስ ልክ አይሞከርም።

ኮምጣጤ በማለቅለቂያው ላይ መጨመር የአልካላይን ቅሪትን ያበርዳል ይባላል። በኬሚስትሪው ስሕተት የለበትም፤ ለችፌ ጥቅም ማስገኘቱ ግን የተረጋገጠ ነገር አይደለም። በንጹሕ ውኃ አንድ ዙር መጨመር ያንኑ ይሠራል። ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር ማገናኘት ግን በፍጹም አይገባም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ቦራክስንም (ለልብስ ማጠቢያ የሚጨመር የማዕድን ዱቄት) ለሕፃን ልብስ አልመክርም፤ የአውሮፓ ኅብረት መራባትንና ፅንስን ሊጎዱ ከሚችሉ ኬሚካሎች ተርታ መድቦታል።

የማሸጊያ ቃላት ክብደት

«ሃይፖአለርጀኒክ» የሚለው ቃል ክብደት ያለው ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1975 እ.ኤ.አ. ቃሉን ለመዋቢያ ምርቶች የሚጠቀሙ ኩባንያዎች በጥናት እንዲያስደግፉት ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ኩባንያዎች ተከራከሩና በ1977 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ከዚያ ወዲህ በዚያች አገር ቃሉ አምራቹ ሊሰጠው የፈለገውን ትርጉም ይይዛል። «በቆዳ ሐኪም የተፈተሸ» የሚለውም መፈተሹን እንጂ ማለፉን አይናገርም።

የተሻለ ዋጋ ያላቸው ከአምራቹ ውጭ ያለ አካል የሚሰጣቸው ምልክቶች ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤክዜማ ማኅበር የሚሰጠው ማኅተምና በሰሜን አውሮፓ የሚታየው ሰማያዊው የአስም-አለርጂ ምልክት ለሳሙና ይጠቅማሉ። ለጨርቅ ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 አለ። በእሱ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የሚባለው እስከ 36 ወር ላሉ ሕፃናት የተለየ ሲሆን፣ በፎርማልዲሃይድ (ቆዳን የሚያስቆጣ ኬሚካል)፣ በቀለምና በጨርቁ ፒኤች ላይ ከሁሉ የጠበቀ ገደብ አለው። ምልክት ባይኖርስ? ሽቶ የሌለበት፣ የቅመም ዝርዝሩ አጭር የሆነ ተራ ሳሙና ምልክት ካለበት ሽቶ ያለው ሳሙና ይበልጣል።

ልክና ማለቅለቅ፣ ማንም የማያስተዋውቀው ነገር

ስለ ብራንድ ብዙ ከተወራ በኋላ የሚረሳው ይህ ነው። ምርጥ የተባለው ሳሙና በዝቶ ሲገባና ሳይለቀለቅ ሲቀር፣ ተራው ተለክቶ በደንብ ከተለቀለቀው የባሰ ነው። የሕፃን ልብስ ብዙውን ጊዜ ጥቂትና ቀላል እድፍ ያለው ስለሆነ በማሸጊያው ላይ ለቀላል ቆሻሻ የተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ይበቃዋል። የሳሙናው ክዳን መለኪያ ቢሆንም ሙሉውን መሙላት ግዴታ አይደለም፤ መስመሩ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው።

ዘመናዊ ማሽኖች ውኃ ለመቆጠብ ሲሉ ማለቅለቂያቸው የሳሳ ነው፤ ተጨማሪ ዙር የሚያዝዝ ቁልፍ ካለው ሁልጊዜ ይጫኑት። ማሽኑ ታጭቆ ከሞላ ውኃው በልብሱ መካከል አያልፍም። በእጅ የሚያጥብ ሰው እዚህ ላይ ይታደላል፤ ውኃው ጠርቶ፣ አረፋው ጠፍቶ፣ ጨርቁ መሟለጩን እስኪተው ሲያለቀልቅ ራሱ ያየዋል።

ቅሪት መኖር አለመኖሩን ማወቅ ከባድ አይደለም። ታጥቦ የደረቀ ልብስ ሞቅ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከትቶ በእጅ ማሸት ነው። አረፋ ከሠራ ወይም ውኃው ከደፈረሰ ሳሙናው በልብሱ ውስጥ አለ። ሳሙና ከመቀየር በፊት ይህን ፈትሹ እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ሳሙናው ሳይሆን ልኩ ነውና።

ሙቀትን በተመለከተ ለዕለት ልብስ 40 ዲግሪ ይበቃል። አንሶላና ቅባት የጠገበ ልብስ ግን ጨርቁ ከቻለው 60 ዲግሪ ይሻለዋል፤ በአልጋ ላይ የሚኖሩት የአቧራ ትሎች በዚያ ሙቀት ይሞታሉ፣ ቅባቱም ይለቃል።

የትኛው ጨርቅ?

ጥጥ ሁሉም የሚመክረው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው። ላብ ይመጥጣል፣ አይኮሰኩስም፣ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ዋጋው አይከብድም። ግን ጥጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ስስ ሆኖ የተጠለፈው፣ የሚሳበው የከነቴራ ዓይነት ጥጥ ከወፍራም ጂንስና ከደረቅ ሽምን ጥጥ ጋር አይወዳደርም። ጉድለቱ የመጠጠውን ላብ ቶሎ አለማድረቁ ነው፤ የረጠበ ጥጥ ተጣብቆ ሲቆይ ያሳክካል። መፍትሔው ሌላ ጨርቅ ሳይሆን ቶሎ መቀየር ነው። «ኦርጋኒክ» የሚለው ተጨማሪ ዋጋ ለአፈሩና ለገበሬው ትርጉም አለው፤ ለሕፃኑ ቆዳ ግን ታጥቦ ከተለበሰ ተራ ጥጥ ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው ባይ ነኝ።

ፖሊስተርና ናይለን ላይ ያለኝ ቅሬታ ሙቀት ማፈናቸውና ቀለማቸው ነው። ጥጥ የሚነከርባቸው ብዙዎቹ ቀለሞች ከክሩ ጋር በኬሚካል ይጣመራሉ። ፖሊስተር የሚነከርባቸው ዲስፐርስ የሚባሉት ቀለሞች ግን እንዲያ ስላልተጣመሩ በላብና በፍትጊያ ወደ ቆዳ ሊወጡ ይችላሉ። ዲስፐርስ ብሉ 106 እና 124 የሚባሉት ከታወቁት አለርጂ አስነሺዎች ናቸው፤ በብዛት የሚገኙትም ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ በሆነ ጨርቅና ገበር ላይ ነው። ከጥጡ በላይ እንደ ውጭ ልብስ ሲለበስ ግን ፖሊስተር አያስጨንቅም። ከቆዳ ጋር የሚነካካው የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ነው ዋናው።

ስለ ሱፍ ያለው ምክር እየተለወጠ ነው። ሱፍ የሚኮሰኩሰው አለርጂ ስለሆነ ሳይሆን 30 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማና ከዚያ በላይ የወፈሩት ክሮቹ ጫፋቸው ስለማይታጠፍና ቆዳውን ስለሚወጋ ነው። እጅግ የቀጠነው የሜሪኖ ሱፍ 17 እና 18 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ይታጠፋል። አውስትራሊያ ውስጥ እስከ 3 ዓመት በሆኑ 39 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከጥጥ ይልቅ ይህን ሱፍ በለበሱበት ጊዜ ችፌያቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልብሱም ውድ ነው። ስለዚህ እስካሁን ጥጡን ያስጥላል አልልም፤ ለብርድ ወቅት ግን ተራ ሹራብ ከጥጥ ጋር ከመደረብ ይልቅ ቀጭን ሜሪኖ ካገኙ አይፍሩት። ተራውን ወፍራም ሱፍ ግን ከቆዳ ያርቁ፤ የሚያቅፈው ሰው ለብሶትም ቢሆን።

ለችፌ ሕክምና ተብለው የሚሸጡት የሐር ልብሶች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። በብሪታንያ ከ1 እስከ 15 ዓመት በሆኑ 300 ልጆች ላይ ለ6 ወር ተፈትነው ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከተለመደው ሕክምና በላይ የጨመሩት ጥቅም አልተገኘም። ልስላሴያቸው አይካድም፤ ዋጋቸውን ግን አይመልሱም።

የቀርከሃ ጨርቅ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቪስኮስ ነው። የቀርከሃው እንጨት በጠንካራ ኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር ይሆናል። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን ጨርቅ እንደ ተፈጥሯዊ ቀርከሃና እንደ ጀርም ተከላካይ አድርገው የሸጡ ኩባንያዎችን ከስሷል። ጨርቁ ራሱ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፤ ከወደዱት ይግዙት፤ ለተአምሩ ብለው ግን አይጨምሩ።

አዲስ ወይስ የተለበሰ? አዲስ ልብስ እንዳይጨማደድ በሚደረግ ማጠናቀቂያ ፎርማልዲሃይድ የሚለቅ ሊሆን ይችላል። ጃፓን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከ24 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ልብስ እጅግ የጠበቀ ገደብ የጣለችው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ከታላቅ ወንድም ወይም ከዘመድ ልጅ የወረደ የጥጥ ልብስ ይህ ሁሉ ወጥቶለታል፣ ለስልሷልም። ለችፌ ሕፃን ያገለገለ ልብስ ከአዲሱ ይሻላል ብል ማጋነን አይደለም። የቀድሞው ቤት ማለስለሻ ካልለቀቀው ደጋግሞ ማጠብ ብቻ ነው። አዲስ ከሆነም ሳይታጠብ አይለበስ።

አቆራረጥና ስፌት

ጀርባ ላይ የሚያርፍ መለያ ወረቀት፣ ወፍራም ስፌት፣ በደረት ላይ የተጠለፈ ሥዕል ውስጠኛው ክር ሁሉም ይፈትጋሉ። መለያው በጨርቁ ላይ የታተመ ልብስ ይምረጡ፤ አለበለዚያ መለያውን ከነስፌቱ ይፍቱ፤ በመቀስ የተቆረጠ ቀሪው ከመጀመሪያው ይልቅ ይወጋል። የውስጥ ልብስን ገልብጦ ስፌቱን ወደ ውጭ ማልበስ ነጻ መፍትሔ ነው።

ጠቅ ብለው የሚዘጉት የብረት ቁልፎች ኒኬል የሚባል አለርጂ አስነሺ ብረት ሊኖራቸው ይችላል። እምብርት አካባቢ ወይም ቁልፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ክብ ሽፍታ ከታየ ቁልፉን ይጠርጥሩ። የፕላስቲክ ቁልፍ ያለው ወይም ከበስተጀርባው ጨርቅ የተደረበበት ይሻላል።

ቀን ላይ ሰፋ ያለ ልብስ ጥሩ ነው። ለሌሊት ግን ሰፊ የጥጥ ልብስ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ አሜሪካ ውስጥ ከ9 ወር ልክ በላይ ያለ የልጅ የሌሊት ልብስ ወይ እሳት የሚቋቋም ወይ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል እንዲሆን ሕግ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ለችፌም ልክክ የሚለው ጥጥ አይከፋም፤ አይሸበሸብም፣ ጣት ከሥሩ አይገባም።

ሙቀት ማሳከክን ያባብሳል። አንድ ወፍራም ከማልበስ ሁለት ስስ ማልበስ ይሻላል፤ ሲሞቀው አንዱ ይወልቃል። ሙቀቱን በእጅና በእግሩ ሳይሆን በማጅራቱና በደረቱ ይለኩ። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም፤ ከመጠን በላይ መሞቅ ለድንገተኛ የሕፃናት ሞትም አደጋን ይጨምራል።

ጓንት ማድረግ ለሌሊት ይረዳል። ለብቻው ከሚወልቀው ይልቅ ከእጅጌው ጋር የተሰፋውና የሚታጠፈው ይበልጣል። ገልብጠው ውስጡን ይዩ፤ የተለቀቀ ክር በጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ቀን ላይ ግን እጁን ነጻ ያድርጉለት፤ ጥፍሩን አሳጥሮ መቁረጥ ይሻላል።

ቅባት የጠገበ ልብስ

የቆዳ ማለስለሻ ቅባት በብዛት የሚቀባ ሕፃን ልብሱ ቅባት ይጠጣል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ እሳት ነው። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው ቅባቱ የደረቀበት ጨርቅ እሳት ካገኘው ፈጥኖና ጠንክሮ ይነዳል፤ ፓራፊን የሌለባቸው ቅባቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በከፍተኛ ሙቀት ማጠብ ቅባቱን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ ቅባቱን መተው ሳይሆን ሕፃኑን ከሲጋራ፣ ከሻማና ከማንኛውም ነበልባል ማራቅ ነው የሚገባው፤ የሚያቅፈው ሰው ልብስም ቅባት ጠጥቷልና እሱም ይጠንቀቅ።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። ቅባት የጎማ ማሸጊያውን ያረጃል፣ ቱቦውን ይደፍናል፣ ላስቲክንም ያላላል። ለቅባት ጊዜ የሚለበሱ ጥቂት ልብሶችን ለይቶ መያዝ፣ ማሽኑንም አልፎ አልፎ ባዶውን በሙቅ ውኃና በሳሙና ማዞር ይጠቅማል።

ሳሙናና ልብስ የማይፈቱት

ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም ትኩሳት ከታየ ቆዳው ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ተሰባስበው የወጡ የሚያሙ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ወይም በድንገት የተበሱ የሚመስሉ ቁስሎች ካዩ ያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ በችፌ ላይ የሚነሣ የሄርፐስ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ አይሰጥም።

ሽፍታው የልብሱን መስመር መከተሉን ካላቆመ፣ ሽቶውንና ማለስለሻውን ትተውም ካልተሻለው፣ የቆዳ ሐኪሙን ስለ ፓች ምርመራ ይጠይቁ። ይህ ጥቂት ጥቂት ቅመም ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከቀናት በኋላ የሚነበብ ምርመራ ነው፤ የንክኪ አለርጂን በደም ምርመራ ማግኘት አይቻልም። ሲሄዱ የሳሙናውን፣ የቅባቱንና የእርጥብ መጥረጊያውን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ ቢቻል ያስጠረጠረውን ልብስም ጭምር። ሐኪሙ የሚፈልገው ከፊት የተጻፈውን ስም ሳይሆን ከጀርባ በትንንሽ ፊደል የተዘረዘረውን ነው።